ባለቤት ያለው ቀን

ጎንደር ላይ ልጁን የሚድር ሰው ድንኳን ከማናገሩ፣ ጌሾ ከመሸመቱ በፊት አንድ ነገር ያጣራል፤ «ዘንድሮ ነነዌ መቼ ነው የሚገባው?» ጥያቄው የጾም ይመስላል እንጂ የሠርግ ነው። ገና ሲያልፍ የሚከፈተው የሠርግ ወራት የሚዘጋው በዐቢይ ጾም ቅበላ ነው። ዐቢይ ጾም ነነዌ በገባ በሁለት ሳምንቱ ይገባል፤ ነነዌ ደግሞ ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም። ነነዌ በተጣደፈበት ዓመት ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ይደራረባል፤ አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜ ሦስት ቤት ይጠራና ሁለቱ ይቀየሙታል። በዘገየበት ዓመት ደጋሹም ተጠሪውም ይተነፍሳል። ድንኳን አከራዩ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ማሲንቆ መቺው፣ ሁሉም የዓመቱን ገቢያቸውን የሚገምቱት ከዚህችው ቀን ተነሥተው ነው።

ቀኗን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ካላንደር ማንበብ ይቻላል። ካላንደሩን የሚያዘጋጀው ግን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ከሆነው ከባሕረ ሐሳብ ነው የሚቀዳው፤ ሒሳቡም የቆሎ ተማሪ በጣቱ የሚጨርሰው ነው። የ2018 ዓ.ም.ን እንሞክረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ተብሎ የሚቆጠረው ሲታከልበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ይተውና 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሁልጊዜ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ተማሪው ተሳስቷል፣ መምህሩም ሳያይ ያውቀዋል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ደግሞ እሑድ ዋለ። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚታከለው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመር 25። መባጃ ሐመሩ ይኸው ነው፤ መጥቅዑ በመስከረም ስለዋለ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። ከነነዌ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ስለሆነ ሁለት ወር ተሻግሮ 9 ሲጨመርበት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ሰው የለም። ጨረቃ ግን አለች፤ ቁጥሮቹ ውስጥ ነው የተቀመጠችው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፤ የፀሐይ ዓመት 365። ልዩነቱ 11 ነው፣ ጥንተ አበቅቴ የሚባለው። ሊቃውንቱ ግን 11ን በዚህ መንገድ አያስተምሩም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ የበዓላቱን ቀን እንዲያውቅ ሱባዔ ያዘ ይላሉ፤ 23 ሱባዔ ለሌሊት፣ 7 ሱባዔ ለመዓልት። 23 በ7 ሲባዛ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል። 7 በ7 ሲባዛ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል። አበቅቴና መጥቅዕ ከጸሎት ወጡ። የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ አዋቂው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ የተጠበቀው ስሌት የጥንቷ እስክንድርያ ስሌት መሆኑን አሳይቷል፤ ለታሪክ እሱን እንቀበላለን። እኔ ግን ድርሳኑንም አልጥለውም። ዘመንን መስፈሪያው መጀመሪያ የሰው ሌሊትና የሰው ቀን ነው፣ ሰማዩ ኋላ ነው የሚመጣው የሚል ሐሳብ በውስጡ አለ። ያ ሐሳብ ከዚህ በታች ለምለው ያስፈልገኛል።

ከጎንደር ወደ ምሥራቅ፣ ከምድር ወገብ እኩል ሊባል በሚችል ርቀት ላይ ባንጋሎር አለች፤ ጎንደር 12 ዲግሪ ከግማሽ፣ ባንጋሎር 13 ዲግሪ ግድም። ፀሐይ በሁለቱም ከተሞች አናት ላይ የምትቆመው በተቀራራቢ ቀኖች ነው። እዚያ ልጁን የሚድር ሂንዱ አባት የሚያስነብበው ፓንቻንግ ይባላል፤ አምስት ነገር የያዘ መጽሐፍ ነው። የሳምንቱ ቀን አንዱ ነው። ቲቲ ሁለተኛው፤ ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ይሞላል፣ በጨረቃ ወር 30 ቲቲ አለ። ናክሻትራ ጨረቃ ያለችበት የኮከብ ማደሪያ ነው፤ ዮጋና ካራና የሚባሉት የቀሩት ሁለቱ ከነዚሁ ከፀሐይና ከጨረቃ ቦታዎች ይወጣሉ። ጨረቃ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ስለምትል ቲቲ ከአንድ ቀን ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ቀኑ ስሙን የሚያገኘው ፀሐይ ስትወጣ ከነበረው ቲቲ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዴ አንድ ቁጥር ይዘለላል፣ አንዳንዴ አንዱ ቁጥር ሁለት ቀን ይውላል። ለኛ ለ30 ቀን ወር ሰዎች ከ9 ቀጥሎ 11 መምጣቱ ያስደነግጣል። ለሂንዱው ግን ወሩን የሚያስተካክለው ሰማዩ ራሱ ነውና የተበላሸ ነገር የለም። በአሥራ አንደኛው ቲቲ የቪሽኑ ምእመናን ይጾማሉ፤ ቁጥሩ በየወሩ ግማሽ እንደገና ከ1 ስለሚጀምር በወር ሁለቴ ይመጣል።

ከዚያ ደግሞ ሰዓቱ አለ። ቀንና ሌሊቱ በ30 ሙሁርታ ይከፈላል፤ አንዱ 48 ደቂቃ ነው። የሙሽራውና የሙሽሪት የትውልድ ኮከብ ተመሳክሮ ለጋብቻው የተመቸው ሙሁርታ ይመረጣል፤ በታሚሎች ዘንድ ሰዓቱ ገና ሳይነጋ የወደቀ እንደሆነ እንግዳው ሁሉ በጨለማ ተጣጥቦ ይመጣል። የሙሁርታ ግማሽ 24 ደቂቃ ናት፤ ጋቲ ይሏታል፤ 60 ጋቲ አንድ ቀን ይሞላል። ይቺ 24 ደቂቃ ጎንደር ላይ እንግዳ አይደለችም። አቡሻኽር የሚባለው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በነበረ ግብጻዊ ሊቅ ስም የተጠራው ትምህርት፣ ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍላል፤ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮሱም በ60 ካልዒት፣ ካልዒቱም በ60 ሣልሲት እያለ ይወርዳል። ስልሳ ለማካፈል የሚመች ቁጥር በመሆኑ በየአገሩ ራሱን ይጋብዛል፤ ከየት ወደ የት ተሻገረ የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተው። ሕንድ ለጎንደር ሩቅ አልነበረም። በ1648 እ.ኤ.አ. ከየመን ተልኮ የፋሲልን ግቢ ያየው አል-ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን የሠራው ሕንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ጽፎ አልፏል።

ሁለቱን አቆጣጠሮች ይበልጥ የሚያቀራርባቸው ግን ትርፍ ቀኖችን የያዙበት መንገድ ይመስለኛል። የሂንዱ የጨረቃ ወሮች ከፀሐይ ጋር እንዳይለያዩ በየ32 ወሩ ገደማ አንድ ወር ይጨመራል። ይህ ወር መጀመሪያ ባለቤት አልነበረውም፤ ስሙም ቆሻሻ ወር ነበር፤ ሠርግም ምረቃም አይደረግበትም። ኋላ ቪሽኑ ራሱ ወሰደው፣ በስሙም ተጠራ ይላሉ፤ ዛሬ የጸሎትና የምጽዋት ወር ነው። እኛም አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን ይተርፈናል። ጳጉሜን ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ናት እየተባለ ይቀለድባታል፤ ግን ባዶዋን አልተተወችም። ጳጉሜን 3 ለሩፋኤል ተሰጥታለች፤ በዚያ ቀን የዘነበ ዝናብ ጠበል ነውና የጎንደር ቀበሌ 18ም ልጅ የደባርቅም ልጅ ልብሱን ጥሎ ደጅ ይወጣል። ትርፍ ጊዜ ሰውን ያስፈራዋል፤ ሰውም ፈጥኖ ባለቤት ይፈልግለታል።

ባለቤት የሌለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ብዙም አይገኝም። 1 ልደታ፣ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 ባለ ወልድ። ጎንደር ደግሞ ከወርኃዊው በላይ የራሷ የዓመት ቀኖች አሏት፤ ጥር 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጥር 11 የቀሃ ውኃ የሚገባበት የፋሲል መዋኛ፣ ኅዳር 6 የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚያወጣው ደጋ ላይ ያለ ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ቁጥር አይጠራም፤ «ብሩን ለባለ ወልድ እሰጥሃለሁ» ካለ በ29 ነው፣ «በጊዮርጊስ ማግሥት ና» ካለ በ24። ሽማግሌዎች የተጣሉ ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ ሲቀመጡ «ለሚካኤል ይሁን» ይላሉ። መልአኩ አስታራቂ ስለሆነ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ግን ሌላም ምክንያት አለው። በዚያ ቀን በዳይም ተበዳይም፣ ሽማግሌውም ምስክሩም ሞፈር አይነኩም። ሁሉም ቤት ይገኛሉ።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ከባሕረ ሐሳቡ ሌላ አንድ ሒሳብ አለ፤ ስሙን ሰው ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው። በዐውደ ነገሥት ሒሳብ የሰውዬውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይተኩና ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ኮከብ ይሆናል፤ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያለ እስከ ሑት። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ የፈረሰ እጮኛነት የማያውቅ ሰፈር የለም። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ጠንቋይንና ኮከብ ቆጣሪን አጥብቀው ተዋግተዋል። መጽሐፉ ግን ዛሬ ታትሞ በመንገድ ዳር ይሸጣል፤ ቀን ቅኔ ማኅሌት ቆሞ የሚያሸበሽበውን ደብተራም ሰው ማታ ማታ ይህን ያውቃል ብሎ ይጠረጥረዋል፤ ይፈራዋል፤ ሲቸግረው ደግሞ ይሄድበታል።

ሁለቱን ሒሳቦች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚገርመኝ ሥራቸው አንድ መሆኑ ነው። ሁለቱም ይደምራሉ፣ ይገድፋሉ፣ ከትራፊው ይኖራሉ። የሚለያዩት በሚደምሩት ነገር ነው። ባሕረ ሐሳብ የዓለምን ዕድሜ ይወስዳል፤ 7518 የኔም ያንተም፣ የንጉሡም የለማኙም ነው፤ ስለዚህ ትራፊው ለሁሉም አንድ ይሆናል። ዐውደ ነገሥት ስምህንና የእናትህን ስም ይወስዳል፤ ትራፊው ያንተ ብቻ ነው። አንዱ ሁላችንንም በአንድ ሰኞ ጾም ያስገባናል፤ ሌላው ለእኔ ማክሰኞ ይቀናኛል፣ ለጎረቤቴ ማክሰኞ ይከብደዋል ይለናል። በሕንድ ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ካህን እጅ፣ በጠራራ ፀሐይ ይኖራሉ። በእኛ ዘንድ አንዱ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲታወጅ ሌላው ጓዳ ገብቷል።

ይህን ልዩነት አጥብቄ ስይዘው የሚያስቸግረኝ የሂንዱው ራሁ ካላም ነው። ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለው ጊዜ በስምንት ይከፈልና አንዱ ክፍል ለራሁ ይሰጣል፤ ራሁ ፀሐይንና ጨረቃን የሚውጠው ጥላ ነው። ሰኞ ዕለት ሁለተኛው ክፍል ነው፤ በኛ ሰዓት ከ1 ተኩል እስከ 3 ግድም። በዚያ ሰዓት መኪና የሚገዛ፣ ውል የሚፈርም፣ መንገድ የሚጀምር ጥቂት ነው። ይህ ክፉ ሰዓት ግን የአንድ ሰው አይደለም፤ የከተማው ሁሉ ነው። ስለዚህ ኮከብ ቆጠራ ሁሉ ሰውን ከሰው ይነጥላል ማለት አልችልም። የራሁ ሰዓት ባንጋሎር ላይ ሱቅ ከፋቹንም ደንበኛውንም እኩል ያስቀምጣል፤ ሁለቱም እኩል ሻይ ይጠጣሉ። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ቀንን መልካም የሚያደርገው ኮከብ ይሁን ቅዱስ ከመጠየቄ በፊት፣ ያን ቀን ከኔ ጋር የሚይዘው ማን ነው ብዬ መጠየቅ ይቀናኛል።

በጎንደር ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም። አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው ሙስሊም በዚያችው ጨረቃ ይቆጥራል፤ ነገር ግን ባሕረ ሐሳብ እየሰበሰበ የሚያስታርቃትን 11 ቀን ሂጅራው ይለቃታል። ለዚህ ነው ረመዳን አንዴ በሐምሌ ዶፍ፣ አንዴ በየካቲት ሐሩር የሚመጣው፤ አንድ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጾመ ዓመቱን ሙሉ ዞሮታል። በጎንደር ዙሪያ ወለቃና አምቦበር የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም የወር መባቻን ከጨረቃ ይቀበሉ ነበር፤ ትልቁ ቀናቸው ስግድ፣ ከማስተሥረያው ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ተራራ ተወጥቶ ኦሪት የሚነበብበት ነው። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄድ ስግድ አብሮት ሄደ። ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ ይከበራል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። የአምቦበር ተራራ አልተነቃነቀም፤ የኅዳር ጨረቃም እንደ ድሮው በላዩ ትወጣለች፤ ቀኑ ግን ከተራራው ወርዷል። ሰማዩ ብቻውን ቀን መያዝ አለመቻሉን ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

እስካሁን ቀን መጋራትን ሳወድስ ቆየሁ፤ ዋጋውን ሳልናገር ብቀር ግን የደጋው ሰው ይታዘበኛል። ቀኖቹ ከሰማይ የወረዱ ብቻ አይደሉም፤ የመንግሥት እጅም አለባቸው። የማርያምን 33 በዓላት ያጸኑት እኚያው ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር የተወሰነውም በሳቸው ዘመን ነው። ሕንድም ከነጻነት በኋላ ብዙዎቹን አቆጣጠሮቿን አንድ ላድርግ ብላ በሜግናድ ሳሃ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁማ በ1957 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ካላንደር አውጥታለች፤ የመንግሥት ጋዜጣ ይጠቀምበታል፣ ሙሽራ ግን አሁንም በፓንቻንግ ነው የሚዳረው። የቀን ባለቤትነት በዐዋጅ ሲሰጥ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይይዝም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አረሙ ገብሱን ሲቀድመው ገበሬው በዓል እየቆጠረ መቀመጡ ቀላል አይደለም። በዓል ሽሮ ያረሰ ሰው በረዶ ያስመጣል ተብሎ ይፈራል፤ የአንዱ ጥፋት የመንደሩን አዝመራ ያስመታል ተብሎ ስለሚታመን ቅጣቱም የመንደር ነው። ሴቷ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አላት። ወፍጮና እንዝርት ለበዓል ይታገዳሉ፤ ጠላ መቅዳት፣ ዳቦ መድፋት፣ ቡና ማፍላት፣ ውኃ መቅዳት አይታገድም። እንደውም ዋዜማውን ሁለት እጥፍ ትሠራለች። ባሏ የሚያርፍበት ቀን እሷ የምትቆምበት ቀን ነው፤ በዓል ስለማክበር የተጻፈው ነገር ሁሉ በወንድ እጅ መጻፉ እዚህ ላይ ይታወቀኛል።

ካህናቱ ራሳቸው ሁሉም ወርኃዊ በዓል ሥራ አያስፈታም፣ ግዝት የሚባሉት ጥቂት ናቸው ብለው ያስተምራሉ። የግብርና ባለሙያውም ይህንኑ ይዞ ይመክራል። አንድ አርሶ አደር ምክሩን ተቀብሎ በጊዮርጊስ ልረስ ቢል ግን የሚያግደው ካህኑ አይደለም። በደጋው ብዙ ሰው ያለው አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሰውም ከጎረቤቱ በሬ ጋር በመቀናጆ ነው። ጎረቤቱ ጊዮርጊስን ካከበረ በሬውም አብሮት ያከብራል። ለአጨዳ የሚጠራው ደቦም እንዲሁ ነው፤ ሃያ ሰው በአንድ ማለዳ ማጭድ ይዞ የሚመጣው፣ ያ ማለዳ የሃያውም የሥራ ቀን ከሆነ ነው። ስለዚህ ሰውየው ጊዮርጊስን መሻር ከፈለገ መጀመሪያ የሚያሳምነው ባለ በሬውን ነው፤ ባለ በሬው ደግሞ ሚስቱን፣ ሚስቱ ደግሞ በ23 ጽዋ የምትጠጣበትን ማኅበር።